ሰኞ፣ ሦስት ሰዓት

መጥሪያው ከነማኅተሙ፣ አራት ቦታ ታጥፎ፣
ጋውኔ ኪስ ውስጥ አለ፣ ከጓንቴ ተቃቅፎ።
ከሳሽ አንማው ታከለ፣ የደቅ ደሴት ሰው፤
ተከሳሽ እኔ ነኝ፤ ቀጠሮው ሰኞ ነው።
"ቸልተኝነት" ይላል።
ሁለቴ አነበብኩት፤
እንደ ራጅ ፊልም ብርሃን ላይ ያዝኩት።

ያኔ፣ ትምህርት ጨርሰን ሙያ ስንመርጥ፣
ጓደኞቼ ሁሉ ከእኔ ነበሩ ብልጥ።
አንዱ ቆዳ አለ፦ "በችፌ ማን ይሞታል?"
አንዱ ራጅ አለ፦ "ጥላን ማን ይከሳል?"
እኔ ማህፀን አልኩ፤ ሁለት ነፍስ ባንድ አልጋ፣
አንዲት ደቂቃ ብቻ የሁለት ሰው ዋጋ።
ስትወልድ "ማርያም ማረቻት" ይባላል፤
ስትሞት ግን የሐኪም ስም ይፈለጋል።

እናኑ ነበር ያንማው ሚስት ስሟ፤
አምስት ሰዓት ሙሉ ጀልባ ላይ ፈሰሰ ደሟ።
የእንግዴ ልጁ ቀድሞ በሩን ዘግቶባታል፣
ማዕበሉ ከደቅ ጀምሮ ይዟታል።
ደም ባንክ ሁለት ከረጢት ላከ፤ ሦስተኛ አልነበረም።
ልጁ ቀደማት። እሷ ጎህ ሳይቀድ ተከተለች።
ይህን ካርዷ ላይ ጻፍኩ፤ ለእሱ ግን አልነገርኩም።
እሱ ኮሪደሩ ላይ ነጠላዋን እንዳቀፈ፣
እኔ በጓሮ በር ወጣሁ፤ ሌሊቱም አለፈ።

ከዚያ ወዲህ እጄ ሌላ ሙያ ለመደ፤
ከቢላው በፊት ወደ ብዕሩ ሄደ።
"ተነግሯታል" ጻፍኩ፤ "ተስማምታለች" ጻፍኩ፤
በምጥ መሃል የሴት አውራ ጣት ቀለም ውስጥ ነከርኩ።
ነገሩ ከበድ ሲል፣ ሪፈሩን ጽፌ፣
ለዓባይ በረሃ ሰጠኋት አሳልፌ።
መንገድ ላይ ብትሞት መንገድ አይከሰስም፤
አስፋልት ችሎት ቀርቦ ቃሉን አይሰጥም።

ዛሬ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ከሩብ ሲል፣
የጣና ነፋስ ከመስኮቱ ሲታገል፣
ባጃጅ ድንገተኛው በር ላይ ቆመ። አንድ ሰው
ምጥ የያዛት ሴት በብርድ ልብስ ደግፎ ወረደ።
ፊቱን በባትሪ አየሁት።
አንማው ነው።

"ምንህ ናት?" አልኩት።
"ጎረቤት። ባሏ ሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል፤
ባለጀልባ እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን ያመጣል?"
ዝም ብዬ አየሁት፤ ዝም ብሎ አየኝ።
"ሰኞ..." አልኩ፤ ምላሴ ደረቀብኝ።
"ሰኞማ እመጣለሁ፤ ቀርቼም አላውቅ" አለኝ፤
"ዛሬ ሌሊት ግን፣ ዶክተር፣ እጅህን ስጠኝ።"

ብዕሬ ግን ሪፈሩ ላይ ቀድሞ ደርሶ ነበር።
ስም፦ ትርፌ። ዕድሜ፦ ሃያ ሁለት። የምትላክበት...
እዚያ ላይ ቆመ።
ምን ከስሮ ይሆን አባቷ፣ ትርፌ ያላት?
እኔስ ምን ተርፎኝ ነው፣ መንገድ የምሰጣት?

ቀደድኩት አልልም። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤
ከመጥሪያው አጠገብ፣ እዚያው አስተኛሁት።
ለእሷም ለእሱም ነገርኩ፣ ማደንዘዣው ሳይሰጥ፣
ምን እንደሚከፈት፣ ምን እንደሚቆረጥ፣
ምን ያህል ደም እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሌለ።
ሰማኝ አንማው፤ ሰማኝና፣
"ለእናኑስ ስንት ነበር?" አለ።

ቢላ። ደም። ውሃ። የሰዓቱ ቀጭ ቀጭታ።
ከዚያ ሕፃን ጮኸ፣ እንደተነጠቀ ሰው፣ በቁጣ።
አዋላጇ ስመኝ "ማርያም ማረችሽ" አለች፤
የእኔን ስም ማንም አልጠራ፤ እሰይ፣ ደህና ነች።

ሲነጋ አግዳሚው ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤
ያቺን ሌሊት ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ነገርኩ፦
ሁለቱን ከረጢት፣ የሦስተኛውን ፍለጋ፣
የጓሮውን በር፣ ያመለጥኩበትን።
አላለቀሰም። ውሃውን አየ፤ ነፋሱን ለካ።
"ክሱን አልተውም" አለኝ።
"አትተወው" አልኩት።
"ይህንን ዳኛው ፊት ትደግመዋለህ?"
አንገቴን ነቀነቅሁ። በቃል አልመለስኩለት።

ሞተሩ ሲነሳ ሰማሁት፤ ከዚያ ጸጥ አለ ሐይቁ።
ኪሴ ውስጥ ሁለቱ ወረቀቶች በላብ ተጣበቁ።